ምዕራፍ አራት፦ ጆሮ ከከንፈር ይቀድማል

አዶልፍ ሳክስ የተባለ ቤልጅጋዊ መሣሪያ ሠሪ ሳክስፎንን ፓሪስ ውስጥ በ1846 በፈጠራ ሥራነት አስመዘገበ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የቁልፎቹ አሠራር ቢሻሻልም መሣሪያው በመሠረቱ ያው ነው፤ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የናስ ቱቦ፣ ማውዝፒስ፣ ከሸንበቆ የተላገ አንድ ሪድ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በዚሁ ቱቦ ሦስት ሰዎች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሦስት ድምፆች ያሰሙ ነበር። ማርሴል ሙል ፓሪስ ውስጥ የጠራ፣ ለስላሳ፣ በተመጠነ ንዝረት የሚርገበገብ ድምፅ አወጣበት። ኮልማን ሆኪንስ ኒውዮርክ ውስጥ ወፍራም፣ ትንፋሹ አብሮ የሚሰማ፣ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ አወጣበት። ጌታቸው መኩሪያ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ፎካሪ ጉሮሮ የሚሻክርና የሚያስገመግም ድምፅ አወጣበት። ሙል ይበልጡን የሚታወቀው በአልቶ ሳክስፎን ስለሆነ ለንጽጽር አይመችም የሚል ካለ እሱን እንተወው፤ ሆኪንስና ጌታቸው ግን ሁለቱም ቴነር ነው የያዙት። ሁለቱን አንድ ጊዜ በደንብ ያደመጠ ሰው ዳግመኛ አይምታታበትም። ልዩነቱ ከናሱ ካልመጣ ከየት መጣ?

ለጀማሪ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ትንፋሽና ከንፈር የሚል ነው። ከሆድህ ተንፍስ፣ የከንፈርህን ዳርና ዳር አጥብቅ፣ ጉሮሮህን ክፈት፣ በየቀኑ አንድን ድምፅ ሳታቋርጥ ረጅም ያዝ ይባላል። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ትንፋሹ ያልተገራ ሰው ድምፁ ይንገዳገዳል፤ ከንፈሩ ያልጠነከረ ሰው ገና በሩብ ሰዓት ይደክማል። ይሁን እንጂ ምክሩ አንድ ነገር ሳይመልስ ያልፋል። ረጅም ድምፅ የሚይዘው ተማሪ የያዘው ድምፅ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃል? በልቡ የሚያወዳድርበት ሌላ ድምፅ ከሌለ በየቀኑ የሚደጋግመው ያንኑ የትናንቱን ነው፤ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ልምምዱ ያጸናዋል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል፤ የትንፋሽ መሣሪያ ቃና መጀመሪያ የሚሠራው በጆሮ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾችን ማድመጥ ከልምምድ በኋላ ለመዝናናት የሚደረግ ነገር ሳይሆን ራሱ ልምምዱ ነው፤ እንዲያውም ከልምምዱ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ትንፋሽና ከንፈር ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ተጫዋቹ በውስጡ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ይህን ለማስረዳት ቃና ምን እንደሆነ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል። አንድ ክላርኔትና አንድ ትራምፔት እኩል ከፍታ ያለው ድምፅ፣ እኩል በሆነ ጉልበት ቢያሰሙ እንኳ ጆሮ ይለያቸዋል። ምክንያቱም አንድ ድምፅ ብለን የምንሰማው በእርግጥ የብዙ ድምፆች ድርብ ነው፤ ከታች መሠረቱ አለ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የመሠረቱ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እየፈጠኑ የሚርገበገቡ ተደራቢዎች አሉ። ከተደራቢዎቹ የትኛው እንደሚጎላና የትኛው እንደሚደበዝዝ የድምፁን መልክ ይወስናል። የክላርኔት ዝቅተኛ ድምፅ ያ ባዶ ቤት የሚመስል ጥልቀት ያለው ተደራቢዎቹ አንድ እየዘለሉ ስለሚደበዝዙ ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ1960ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ የተቀዳ ድምፅ አጀማመሩ ተቆርጦ መሐሉ ብቻ ሲሰማ ሰዎች መሣሪያውን የመለየት ችሎታቸው ይቀንሳል። ምላስ ትንፋሹን የምትለቅበት ያቺ ቅጽበት፣ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ የማትሞላ፣ የቃናው አካል ናት ማለት ነው። የንዝረቱ ፍጥነት፣ ድምፁ ሲያልቅ የሚጠፋበት መንገድ፣ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ሁኔታ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ኖታ ላይ መጻፍ አይቻልም። በቃልም ቢሆን «ሞቅ ያለ»፣ «ክብ»፣ «ጥቁር» ከማለት አልፎ የሚሄድ አስተማሪ የለም፤ ድምፁን ያልሰማ ተማሪ ከነዚህ ቃላት ምንም አያገኝም።

ታዲያ ለአካል በዝርዝር ማዘዝ አይቻልምን? አውስትራሊያ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጀርሚንግ ቼን፣ ጆን ስሚዝና ጆ ዉልፍ በ2008 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ሳክስፎን የሚጫወቱ ሰዎች እየነፉ ሳለ በአፋቸው ውስጥ ያለውን የድምፅ ሁኔታ ለኩ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ከተለመደው የመሣሪያው ክልል በላይ ያሉትን በጣም ቀጫጭን ድምፆች ሲያወጡ፣ የአፋቸውንና የጉሮሯቸውን ባዶ ቦታ ከሚፈለገው ድምፅ ጋር እንዲስማማ አድርገው ይቃኙታል። ጀማሪዎቹ ይህን አያደርጉም፤ ድምፆቹንም አያገኟቸውም። ምላስ በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንዳለች፣ የጉሮሮው ኋላ ክፍል ምን ያህል እንደጠበበ ከውጭ የሚያይ የለም፤ ተጫዋቹ ራሱም በትክክል ሊናገረው ይቸገራል። ይህ ቅኝት ከቃል መመሪያ ሊወጣ አይችልም። የሚመጣው ድምፁን አስቀድሞ በልቡ ከሚሰማ፣ እስኪያገኘውም ድረስ አፉን ከሚያቀያይር ሰው ነው።

ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የተጫወተው አርኖልድ ጄከብስ ይህን ነገር ከማንም በላይ በግልጽ ያስተማረ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ጄከብስ የአካልን አሠራር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስለ ሳንባ፣ ስለ ድያፍራም፣ ስለ ከንፈር ጡንቻ ለዓመታት አጥንቷል፤ የአየር መጠንና ግፊት የሚለኩ መሣሪያዎች በማስተማሪያ ክፍሉ ያስቀምጥ ነበር፤ ከቱባ አልፎ የትራምፔት፣ የሆርን፣ የፍሉት ተጫዋቾችም ችግራቸውን ይዘው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። ያን ሁሉ እያወቀ ግን ትምህርቱን በሁለት ቃላት ጠቀለለው፤ ዜማና ትንፋሽ። ተጫዋቹ ሐሳቡን በአብዛኛው ሊያሰማ በሚፈልገው ድምፅ ላይ እንዲያደርግ፣ ለአካሉ አየር ብቻ እንዲሰጥ፣ ጡንቻዎቹን ግን እንዲተዋቸው ይመክር ነበር። ጡንቻን እያሰቡ መንፋት ሰውን ያደርቀዋል ብሎ ያምን ነበርና። እኔ በዚህ ሰው ምስክርነት ላይ ትልቅ ክብደት አኖራለሁ፤ አካልን ለይቶ ያላጠና ሰው «ጡንቻህን እርሳ» ቢል ስንፍና ሊመስል ይችላል፣ ጄከብስ ሲለው ግን የሚያውቀውን ነገር ትክክለኛ ቦታ ማስያዙ ነው።

ከወፎችም የሚገኝ ማስረጃ አለ፤ እንደ ዘበት የሚታይ አይደለም። ሰው ንግግርን እንደሚማር፣ ዘማሪ ወፎችም ዜማቸውን ከታላላቆቻቸው ሰምተው ነው የሚማሩት። ካምብሪጅ ውስጥ ዊልያም ቶርፕ በ1950ዎቹ ጫጩቶችን ከጎልማሳ ወፎች ለይቶ ሲያሳድግ፣ ያደጉት ወፎች የዘራቸው ያልሆነ የተጓደለ ዜማ አሰሙ። ማሳካዙ ኮኒሺ ደግሞ በ1965 ያሳተመው ሥራ ከዚህ አለፈ። ነጭ አናት ያላቸው የሰሜን አሜሪካ ድንቢጦች የጎልማሳውን ዜማ የሚሰሙት ገና ጫጩት ሳሉ ነው፤ ራሳቸው መዘመር የሚጀምሩት ግን ከወራት በኋላ ነው። ኮኒሺ ዜማውን በሚገባ ሰምተው፣ ገና መለማመድ ሳይጀምሩ የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ወፎችን ተከታተለ። ዜማቸው ተበላሸ። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የሰሙት ድምፅ ለወራት በውስጣቸው ተቀምጦ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ሁለተኛ፣ መለኪያው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የራስን ድምፅ እየሰሙ ከመለኪያው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ማድመጥ ብቻውን ተጫዋች ያደርጋል ለሚል ሰው ይህ ሁለተኛው ግኝት ከባድ መልስ ነው፣ ልንሸሸውም አይገባም።

ሰውን በተመለከተም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ቦስተን ውስጥ አሚር ላሃቭና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት ሙዚቃ የማያውቁ ሰዎችን አንድ አጭር ዜማ በፒያኖ ለጥቂት ቀናት አለማመዷቸው። ከዚያም እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ያንኑ ዜማ ሲያዳምጡ አንጎላቸውን ሲያዩት፣ እንቅስቃሴን የሚያዘጋጀው ክፍል ይሠራ ነበር። በሚገባ የሰሙት ነገር ግን ያልተጫወቱት ዜማ ሲከፈትላቸው ይህ አልታየም። መሣሪያ ለያዘ ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው። ትናንት በከንፈሩ የሞከረውን ሐረግ ዛሬ ከታላቅ ተጫዋች ሲሰማው ጆሮውና አካሉ አብረው ይማራሉ፤ ያልሞከረውን ሲሰማ የሚማረው ጆሮው ብቻ ነው። ስለዚህ ማድመጥና መንፋት ሳምንት ከሳምንት ሊለያዩ አይገባም፤ በአንድ መቀመጫ እየተፈራረቁ መሄድ አለባቸው።

ይህ ለእኛ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲተላለፍ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሷቸው ይነገራል። ምልክቱ ግን እንደ አውሮፓ ኖታ የድምፅን ከፍታና ርዝመት አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ በቃል የተያዘን የዜማ ሐረግ የሚያስታውስ አጭር ጽሕፈት ነው። ሐረጉን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን አይቶ አያዜምም። ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር በዜማ አካሄዳቸው የሚለያዩትም፣ የአንዱ ቤት ተማሪ ገና ሲጀምር የሚታወቀውም፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድምፅ ከጆሮ ወደ ጆሮ ጠብቆ ስላቆየ ነው። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል፤ ጽሑፉን በጥቂት ወራት መገልበጥ ይችላል፣ ድምፁን ግን መገልበጫው ጊዜና ጆሮ ብቻ ነው። ዋሽንትም እንዲሁ ነው። ማውዝፒስ የለውም፣ ሪድ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፤ ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ክፍት ሸንበቆ ነው። ድምፁ የሚፈጠረው ትንፋሹ የሸንበቆውን ከንፈር በሚመታበት ማዕዘን ስለሆነ፣ መሣሪያው ለተጫዋቹ ያዘጋጀለት ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። በመስክ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይህን የሚማረው ከእሱ የሚበልጠውን ልጅ እየሰማ ነው፤ ማንም የከንፈር አያያዝ በሥዕል አያሳየውም።

አሁን ወደ ጌታቸው መኩሪያ ልመለስ፤ የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በእሱ ሥራ ላይ ከሁሉም ይልቅ ጎልቶ ይታየኛል። በ1935 የተወለደው ጌታቸው መጀመሪያ የነካው ክራርና ማሲንቆ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ በ1949 የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ፣ ኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። እነዚህ ባንዶች የቆሙበት ባህል ከውጭ የመጣ ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ኖታን፣ የሰልፍ ሙዚቃን፣ የናስ መሣሪያ አያያዝን ያስተማሩበት ባህል ነው። ጌታቸው ከዚህ ባህል ጣቶቹን፣ ኖታውን፣ በኅብረት መጫወትን አግኝቷል። ቃናውን ግን ከሌላ ቦታ ወሰደ። በ1950ዎቹ በሳክስፎኑ ሽለላና ፉከራን ማሰማት ጀመረ፤ ያደመጠው የሸላይን ጉሮሮ፣ የፎካሪን እልህ፣ ቃሉን ወርውሮ መልሶ የሚጎትትበትን ትንፋሽ ነው። ድምፁ ከጥልቁ ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሐረጉ ሲያልቅ ወደ ታች ይወረወራል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የሳክስፎን መማሪያ መጽሐፍ አይገኝም። በኋለኛ ዘመን የሰሙት የውጭ አገር ሰዎች ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር አመሳሰሉት፤ ይሁን እንጂ እሱ ወደዚያ የደረሰው በራሱ መንገድ፣ አገር ቤት በሰማው ድምፅ ነው። በ2004 ከተዋወቃቸውና በ2006 አብረውት አልበም ካሳተሙት ከሆላንዶቹ የ«ዘ ኤክስ» ባንድ አባላት ጋር በአውሮፓ መድረኮች ሲጫወት፣ ዕድሜው ከ70 አልፎም ያ ድምፅ አልለቀቀውም።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፤ ታላቅ ተጫዋች አድምጡ ሲባል የራስን መሣሪያ የሚጫወት ብቻ ማለት እንዳልሆነ። ከ1913 ጀምሮ በፓሪስ ኦፔራ ኮሚክ ቤት ፍሉት ሲጫወት የኖረው ማርሴል ሞይዝ፣ የዘመኑ የፍሉት ቃና መምህር ከሆነ በኋላ ሁልጊዜ የሚጠቅሰው የኦፔራ ዘፋኞችን ነበር። ከኦርኬስትራው ጉድጓድ ሆኖ ማታ ማታ የሰማቸው ድምፆች፣ አናባቢን እንዴት እንደሚያጠቁሩና እንደሚያበሩ፣ ሐዘንና ቁጣን በአንድ ኖታ ላይ እንዴት እንደሚለዩ፣ ለፍሉቱ ትምህርት ቤት ሆኑት። በ1934 ያሳተመው የድምፅ መልመጃ መጽሐፍ ዛሬም በየኮንሰርቫቶሪው ይነፋል፤ ኋላ ያዘጋጀው ሌላ መጽሐፉ ደግሞ አብዛኛው ከኦፔራ ዜማዎች የተሰበሰበ ነው። ጌታቸው ሸላዩን፣ ሞይዝ ዘፋኙን ነው የሰሙት፤ ሁለቱም ከሰው ጉሮሮ ነው የጀመሩት። ትንፋሽ ከሰውነት ወጥቶ ድምፅ የሚሆንበት የመጀመሪያው መሣሪያ ጉሮሮ ስለሆነ ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚነሣው ተቃውሞ፣ ታላላቆችን እያደመጠ የሚማር ሰው ቅጂ ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በጃዝ ታሪክ ውስጥ የሚደግፈው ታሪክም አለ። በ1934 ኮልማን ሆኪንስ የፍሌቸር ሄንደርሰንን ባንድ ትቶ ወደ አውሮፓ ሲሄድ በእሱ ቦታ ሌስተር ያንግ ገባ። የያንግ ድምፅ ቀላል፣ ንዝረቱ ትንሽ፣ እንደ ሆኪንስ የማይጎላ ነበር። የባንዱ አባላት አልወደዱትም፤ የሄንደርሰን ባለቤት ሊዮራ የሆኪንስን ሸክላ እየከፈተች እንደ እሱ ይጫወት ዘንድ ታሰማው ነበር። አልሆነም፤ ያንግ ጥቂት ወራት ቆይቶ ባንዱን ተወ። ማድመጥ ይህን ያህል ኃይል ካለው እዚህ ለምን አልሠራ? መልሱ ያንግ ሳያደምጥ የመጣ ሰው አለመሆኑ ነው። እሱ ለዓመታት በፍቅር ሲሰማ የኖረው የፍራንኪ ትራምባወርን ሸክላዎች ነው። ትራምባወር የሚጫወተው ከቴነር ያነሰ ሲ ሜሎዲ የሚባል ሳክስፎን ነበር፤ ያንግ ያንን ቀላል ድምፅ በትልቁ ቴነር ላይ ሊያገኝ ይጥር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የሊዮራ ሸክላ ያልሠራው ጆሮው በሌላ ድምፅ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ማድመጥን አይቃወምም፤ የሚቃወመው በግድ የተጫነን አርአያ ነው። ይህ ለአስተማሪዎች የሚጠቅም ነገር ነው። ተማሪው ያልወደደውን ድምፅ ይምሰል ማለት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚሻለው ብዙ ድምፅ አሰምቶ የትኛው እንደያዘው መጠበቅ ነው።

ቅጂ የመሆኑን ፍርሃት ደግሞ ከያንግ በኋላ የመጡት ሰዎች ይመልሱታል። በ1937 አጋማሽ ቻርሊ ፓርከር፣ ገና 17 ዓመት ሳይሞላው፣ ሚዙሪ ውስጥ ኦዛርክ በሚባለው ተራራማ አገር ለሥራ ሲሄድ የያንግ ድምፅ ያለባቸውን የካውንት ቤዚ ሸክላዎች ይዞ ሄዶ ሶሎዎቹን አንድ በአንድ አጠና። ሲመለስ ተለውጦ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያሰማው ድምፅ ግን ሹል፣ ጠንካራና ብሩህ ነበር፤ ከያንግ ለስላሳ ድምፅ ጋር ማንም አያምታታውም። ስታን ጌትዝም፣ ዴክስተር ጎርደንም ከያንግ በጆሯቸው ጠጥተዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይመሳሰሉም። ይህ የሚሆነው የሰው አፍ፣ ጥርስ፣ ምላስ፣ ደረት የተለያየ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማንም አንድ ሰው ብቻ ሰምቶ አያድግም፤ ሦስትና አራት አርአያዎች በአንድ ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ከማናቸውም የማይሆን ድምፅ ይወለዳል። ቅጂ ሆኖ የሚቀረው ሰው በእኔ አስተያየት ብዙ ያደመጠው ሳይሆን በጣም ጥቂት ያደመጠው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሸክላም ሆነ ስልክ እውነተኛውን ድምፅ አያሰማም ይላል። ከ1925 በፊት የተቀዱት ሥራዎች ያለ ማይክሮፎን፣ በቀንድ መሳይ ቱቦ የተያዙ ናቸው፤ ከላይና ከታች ብዙ ጎድሎባቸዋል። ዛሬም በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚያደምጥ ልጅ የቴነር ሳክስፎንን ታች ክፍል አያገኘውም። እውነት ነው፤ የድምፁ ስፋት፣ ክፍሉን የሚሞላበት ጉልበት፣ ከፊት ለፊት ሲቆሙ ደረት ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ በቅጂ ይጠፋል። ስለዚህ መድረክ ላይ በአካል መስማት የሚተካው የለም፤ ጥሩ ተጫዋች ባለበት ከተማ የሚኖር ተማሪ አጠገቡ ሄዶ መስማት ግዴታው ነው እላለሁ። ነገር ግን በቅጂ የሚጠፋው የቃና ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም። ድምፁ የሚጀምርበት መንገድ፣ ንዝረቱ ከየት ላይ እንደሚነሣ፣ ሐረጉ የት እንደሚጎላና የት እንደሚለሰልስ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ይተርፋል። ሆኪንስ ጥቅምት 1939 የቀዳው «ቦዲ ኤንድ ሶል» በአሮጌ ሸክላ ላይ ያለ ሦስት ደቂቃ የሚያህል ሥራ ነው፤ የሳክስፎን ተጫዋቾች ትውልድ ከዚያች ሸክላ ነው የተማረው። ፓርከር በኦዛርክ የነበረው የድምፅ መሣሪያ ዛሬ ማንም ተማሪ በኪሱ ከያዘው አይበልጥም ነበር።

ቃና ተሰጥዖና አካል ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ወፍራም ከንፈር፣ ሰፊ ደረት፣ ጥሩ መሣሪያ ይጠቅማሉ፤ የተሰበረ ሪድና አየር የሚያሾልክ ቁልፍ የያዘ ልጅ ጆሮው ቢበስልም ይቸገራል። ግን ጄከብስ ራሱ በሕመም የሳንባው አቅም ከቀነሰ በኋላ ከሁሉም መሣሪያ ይልቅ አየር የሚፈጀውን ቱባ በአንደኛ ደረጃ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቷል፣ ድምፁም ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

የሚቀረው ማድመጡ እንዴት ይሁን የሚለው ነው፤ ሥራ እየሠሩ ከበስተጀርባ ሙዚቃ መክፈት እዚህ የምለው ማድመጥ አይደለምና። የሚጠቅመው አንድ ሐረግ መርጦ፣ ከአሥር ሰከንድ ያልበለጠ፣ ዝግ ያለና ረጃጅም ድምፆች ያሉበት፣ ያንኑ ደጋግሞ መስማት ነው። ፈጣን ሶሎ ጣትን ያሳያል፣ ቃናን ይደብቃል። በመጀመሪያ መሣሪያውን ሳይነኩ በጉሮሮ ማዜም ያስፈልጋል፤ ድምፁ ያማረ ባይሆንም የሐረጉን መነሻ፣ ማበጫና ማለቂያ መምሰል አለበት። ማዜም ያልተቻለው ነገር ገና አልተሰማም ማለት ነው። ከዚያ በመሣሪያው መሞከር፣ ሞክሮም መቅዳት ይመጣል። መቅዳቱ የማይታለፍበት ምክንያት አለ። የሚነፋ ሰው የራሱን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በጥርሱና በራስ ቅሉ አጥንት በኩልም ይሰማዋል፤ በተጨማሪም የትራምፔትና የትሮምቦን ቀጫጭን ተደራቢዎች በመሣሪያው ሰፊ አፍ (በደወሉ) አቅጣጫ ወደ ፊት ስለሚሄዱ ከኋላ የቆመው ተጫዋች ከአድማጩ የደበዘዘ ድምፅ ነው የሚደርሰው። የወፏ ምሳሌ ሁለተኛ ክፍል እዚህ ይሠራል፤ መለኪያው በውስጥ ቢኖርም የራስን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ካልሰሙት ማስተያየት አይቻልም። ቅጂውን ወዲያው ከመስማት ይልቅ ለማግሥቱ ማቆየትም ይረዳል፤ ሲነፉ የተሰማው ድካምና ጥረት ይረሳል፣ የሚቀረው ድምፁ ብቻ ይሆናል።

ሁለቱን ቅጂዎች፣ የታላቁንና የራስን፣ አከታትሎ የሚያደምጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ልዩነት ብዙ ጊዜ በድምፁ አነሣስ ላይ ነው። ታላቁ ትንፋሹን አስቀድሞ ምላሱን ለስላሳ ያደርጋታል፤ ተማሪው ምላሱን አስቀድሞ ድምፁን ያስነጥሰዋል። ቀጥሎ የሚታየው መሐሉ ነው፤ የታላቁ ድምፅ ሲለሰልስ እንኳ አይቀጥንም፣ የተማሪው ግን ሲለሰልስ ይሞታል። ንዝረቱ የሚመጣው መጨረሻ ነው፣ መጨረሻም መታየት አለበት፤ ገና ድምፁ ሳይቆም ንዝረት የሚለማመድ ልጅ የመንገዳገዱን ጉድለት በንዝረት ይሸፍናል፣ ኋላም ለማስተው ከባድ ይሆናል። ዋሽንት የሚጫወት ሰው ደግሞ ጉዳዩ ይበዛበታል፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አንድ ባለ እጅ በተለያየ ትንፋሽ ሲያሰማ ልዩነቱን ለመያዝ አንዱን ቅኝት ከአንድ ተጫዋች ብቻ ለሳምንታት መስማት ይኖርበታል። የመስኩ እረኛ አንድ ወይም ሁለት አርአያ ነበረው፤ የዛሬ ተማሪ በስልኩ ሺሕ አለው፣ ችግሩም ይህ ብዛት ነው። በየቀኑ አዲስ ሰው ከሚሰማ፣ አንድን ሰው ለአንድ ወር ይዞ፣ ሐረጎቹን አዚሞ፣ ነፍቶ፣ ቀድቶ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቢሻገር ይበጀዋል፤ ሁለተኛውም ከሌላ መሣሪያ ወይም ከዘፋኝ ወገን ቢሆን ይሻላል።